የድሮ መኪናን ወደ ጋዝ፣ ኢታኖል ወይም ኤሌክትሪክ ማስቀየር ያዋጣል? ከአዳማ ባለመኪኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ ባለመኪኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እመልሳለሁ።

መኪና ማስቀየር ሲባል ምን ማለት ነው?

ቤንዚን እንዲያቃጥል የተሠራን ሞተር ሌላ ነገር እንዲያቃጥል ማድረግ፣ ወይም ሞተሩን ጨርሶ አውጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር መተካት ነው። ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ስለ አራት ነገሮች ነው፦ ማድ ቤት ስለምናውቀው ቡታ ጋዝ፣ ስለ ታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ስለ ኢታኖልና ስለ ኤሌክትሪክ።

በጋዝ ሲቀየር ቤንዚኑ አይነሳም። መኪናው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ በሚገጠም ማብሪያ ማጥፊያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ቡታ ጋዙ ከታንኩ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል፣ በሞተሩ ሙቅ ውሃ በሚሞቅ የግፊት መቀነሻ ውስጥ አልፎ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፣ ከዚያ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ በተገጠመ ማደባለቂያ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ሥራው ይኸው ነው። የሚከብደው ሌላው ነገር ነው፤ ከታች ይመጣል።

በአጭሩ፣ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ለቤት መኪና፣ አሁን፣ አዳማ ላይ፣ አያዋጣም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ መኪና ግን የሚቀዳበት ቦታ የተረጋገጠ ከሆነ ሊታሰብበት ይችላል።

ይህን የምለው ሥራ ጠልቼ አይደለም፤ ማስቀየሩን ብሠራው ገንዘብ አገኝበታለሁ። ግን ሰው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጠውን ብር ይዞ መጥቶ «ጎረቤቴ ይቆጥባል አለኝ» ሲል ዝም ብዬ መቀበል ያስቸግረኛል። ሲሉ ሰምታ እንዲሉ፣ የሌላ አገር ሰው በስልክ ቪዲዮ ያሳየው ቁጠባ እዚያ አገር ባለ ማደያና በዚያ አገር ዋጋ የተሰላ ነው።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ብነዳ ነው የሚያዋጣኝ?

ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሱ። አንድ ዲኤክስ ኮሮላ ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይጠጣል እንበል። የሊትሩን ዋጋ ለስሌት እንዲመች 130 ብር እናድርገው፤ እርስዎ ባለፈው ሳምንት ሲቀዱ የከፈሉበትን ያስገቡ። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ የሚውል ሰው በቀን 25 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 7,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያ 750 ሊትር ነው፤ በብር 97,500።

አዲሱ ነዳጅ ከዚህ ወጪ 30 በመቶ ይቀንሳል ብለን በጎ በጎውን እናስብ። ቁጠባው በዓመት 29,250 ብር ይመጣል። ዕቃው ከነሥራው 150,000 ብር ቢጠይቅ ገንዘብዎ የሚመለሰው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መሃል የመቀነሻው ውስጥ ጎማ ይደርቃል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ ታንኩ ይፈተሻል። መኪናው ደግሞ 40 ዓመት የሞላው ከሆነ ላሜራው ራሱ እስከዚያ መድረሱን ማሰብ ያስፈልጋል።

ያንኑ ዕቃ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ታክሲ ላይ ይግጠሙት። በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር፣ 4,500 ሊትር፣ 585,000 ብር። 30 በመቶው 175,500 ብር ስለሆነ ዕቃው በ10 ወር ገደማ ዋጋውን ይመልሳል። በዚሁ ስሌት በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 19 ወር ይጠብቃል። ከዚያ በታች ለሚነዳ ሰው ማስቀየርን አልመክርም። ይህ ሁሉ ግን 30 በመቶው ቁጠባ በእርግጥ ከተገኘ ነው።

አዳማ ውስጥ ጋዙን የት እቀዳለሁ?

ሁሉም ሰው ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ብዙ ብር ይተርፍ ነበር። በከተማችን ማደያዎች በፓምፕ የሚቀዳው ቤንዚንና ናፍጣ ነው። ቡታ ጋዝ የሚሸጠው ለማብሰያ፣ በሲሊንደር ነው። ቱርክና ፖላንድ ውስጥ በጋዝ የሚሄድ መኪና የበዛው ማደያው ላይ ከቤንዚኑ ጎን የጋዝ ፓምፕ ስለቆመና ዋጋውም በግብር ምክንያት ዝቅ ስለሚል ነው። ፓምፑ ሳይኖር ዕቃውን ብቻ ማስመጣት፣ ውሃ ሳይገባ ቧንቧ እንደ መዘርጋት ነው።

በመስከረም 2018 በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅ «አሁንስ?» ብለው የደወሉልኝ ብዙ ናቸው። ከዚያ የሚወጣው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው። ይህን የሚሸከመው እንደ ትልቅ ቴርሞስ የተሠራ ታንክ በመሆኑ መኪና ላይ ሲውል የሚመቸው ለረጅም መንገድ ከባድ መኪና ነው። የቤት መኪና የሚጠቀመው በ200 ባር ግፊት የታመቀውን ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ መጭመቂያ ያለው ማደያ ይፈልጋል። ባለ 60 ሊትር የብረት ሲሊንደር ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የሚይዘው ጋዝ ግን ከ15 ሊትር ቤንዚን ብዙም አይበልጥም። የዲኤክስ ኋላ ላይ ይህን ጭነው ቤተሰብ ይዘው ሶደሬ ሲወርዱ የኋላ ሞላው ምን እንደሚሆን ያስቡት።

ቡታ ጋዝ ከቤንዚን ይረክሳል?

ሊትርን ከሊትር ጋር አያወዳድሩ። አንድ ሊትር ቡታ ጋዝ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው ሞተሩ በሊትር ሲለካ ከ20 እስከ 25 በመቶ ጨምሮ ይጠጣል። እኔ የምጠቀምባት ቀላል ስሌት አለች። የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር የያዘው ጉልበት ከ18 ሊትር ቤንዚን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሲሊንደሩን የሚያስሞሉበትን ዋጋ ለ18 ያካፍሉና የሚመጣውን ቁጥር ከቤንዚን የሊትር ዋጋ ጋር ያስተያዩ።

በ130 ብር ስሌታችን 18 ሊትር ቤንዚን 2,340 ብር ነው። ሲሊንደሩ በዚህ ዋጋ ወይም ከዚህ በላይ የሚሞላ ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ የዕቃው ወጪ ሳይቆጠር ከስረዋል። ከላይ ያሰብነው የ30 በመቶ ቁጠባ እንዲገኝ ደግሞ ሲሊንደሩ ከ1,640 ብር በታች መሞላት አለበት። ሲሊንደር ለመሙላት ወረፋ የጠበቀ ሰው፣ ዋጋው ብቻ ሳይሆን መገኘቱም አንድ ነገር እንደሆነ ያውቃል። የመኪናው ጋዝ ያለቀ ዕለት ሚስትዎ ወጥ ምድጃ ላይ ጥደው ከሆነ ሲሊንደሩ ለማን ይሁን?

የቤቱን ሲሊንደር ኮፈን ውስጥ አስሬ ብነዳስ?

በፍጹም አይሞክሩት። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ።

አንድ ጠዋት አንድ አባት «ትንሽ ይሸተኛል» ብለው መኪናቸውን አመጡ። የኋላ ኮፈኑን ስከፍት የማብሰያ ሲሊንደር ከመለዋወጫ ጎማው ጋር በጎማ ገመድ ታስሯል። ወደ ሞተሩ የሚሄደው የምድጃ ቱቦ ነው፤ በኋላ ወንበሩ ሥር አልፎ፣ ላሜራው በተበሳበት ቦታ ላይ ጠርዙ ቱቦውን ግማሽ ድረስ በልቶታል። የሳሙና ውሃ በብሩሽ ስቀባው አረፋው እንደ ዶሮ ዓይን ተነፍቶ ተነፍቶ ፈነዳ። ከቱቦው በላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የሕፃን መቀመጫ አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የሲሊንደሩን መዝጊያ ቆልፈን፣ ቁልፍም መብራትም ሳንነካ፣ በሮቹን ሁሉ ከፍተን መኪናውን እየገፋን ወደ ሜዳ አወጣነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይበንም፣ ወንበር ሥርና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አየር ውስጥ 2 በመቶ ያህል ከገባ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር የሚወጣው ብልጭታ ራሱ በቂ ነው። የመኪና ታንክ 80 በመቶ ሲደርስ መሙላት የሚያቆም፣ ቱቦ ቢበጠስ ፍሰቱን የሚዘጋ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚቆልፍና ያፈሰሰውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቫልቭና ሽፋን አለው። የማድ ቤቱ ሲሊንደር እነዚህ የሉትም። የተሠራው ቆሞ እንፋሎት እንዲሰጥ ነው፤ ሞተር በፍጥነት ሲስበው ይቀዘቅዛል፣ ላዩ በረዶ ይሠራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰው ሲሊንደሩን ያጋድመዋል፤ ፈሳሹ ጋዝ እንዳለ ወደ ምድጃ ቱቦው ይገባል። የአዳማ ፀሐይ ያረፈበት ዝግ ኮፈን ውስጥ ይህ ሲሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም።

ጋዝ የድሮ ሞተሬን ይጎዳዋል?

ዘይቱን አይጎዳም፤ እንዲያውም ጋዝ ጥቀርሻው ትንሽ ስለሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የሚጎዳው የጭስ ማስወጫ ቫልቮቹ የሚያርፉበት መቀመጫ ነው። የድሮ ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ያለበት ቤንዚን በነበረበት ዘመን ነው፤ እርሳሱ ቫልቩና መቀመጫው ብረት ለብረት እንዳይፋጩ ይለብጣቸው ነበር። አገራችን ያንን ቤንዚን በ1990ዎቹ አጋማሽ አቁማለች። ጋዝ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ፈሳሽ ቤንዚን የሚሰጠውን ትንሽ ማቀዝቀዝ እንኳ አይሰጥም።

በሌላ ከተማ በጋዝ የተቀየረ አንድ ዲኤክስ መጥቶልኝ ያውቃል። ሞተሩ ፎር ኬ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ነው፤ የጭስ ማስወጫ ቫልቩ ሞተሩ እንደሞቀ 0.30 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ቀጭኗን የመለኪያ ላሜራ ላስገባ ስሞክር ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አልገባ አለች። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ስናወርደው ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ ሰምጧል፣ ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ቦታ ተቃጥሎ ጎድሏል። ባለቤቱ «ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል» ብሎ ለሁለት ወር ካርቡሬተር ሲያስከፍት ነበር። ቴስታታ አስቆርጦ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባቱ፣ ቫልቩና ጉዋርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተደምሮ፣ በጋዝ ቆጠብኩ ያለውን ሁሉ በላው። በጋዝ የሚነዱ ከሆነ የቫልቭ ክፍተቱን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ያስለኩ፤ ሞተሩን ቤንዚን ላይ አስነስተው ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይቀይሩ።

ካንዴላ፣ የካንዴላ ሽቦና ቦቢናም ደህና መሆን አለባቸው። ጋዝ ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል፤ ደካማ ከሆነ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የአየር ፊልትሮውን ቤት ይሰነጥቀዋል።

ጉልበት ይቀንሳል? የአሰላን ዳገት ይወጣልኛል?

ይቀንሳል። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ዲኤክስዎ ቆሞ እያለ እንኳ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። ቡታ ጋዝ በማደባለቂያ ሲገባ ጥቂት በመቶ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ያሳጣዋል። ወደ አሰላ ሲወጡ 2,400 ሜትር ስለሚደርሱ፣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጡት የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ይወጡታል። የጋዝ ኦክቴን (ሞተሩን ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙ) ከፍ ያለ ስለሆነ የማቀጣጠያ ሰዓቱን ትንሽ ወደ ፊት ማስኬድ ጥቂቱን ይመልሳል፣ ግን ወደ ቤንዚን ሲመለሱ ሞተሩ እንዳያንኳኳ በልክ መሆን አለበት።

ወንጂና መተሃራ አጠገባችን ናቸው፤ በኢታኖል ብነዳስ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ አገዳው በዓይናችን ፊት ነው። ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ይወጣል፤ በአገራችን ፊንጫና መተሃራ አምርተውታል፣ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ 5 ከዚያ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ተሽጧል። እስከ 10 በመቶ ድረስ የድሮ መኪና ሞተሩ ሳይነካ ይሄዳል። የሚያስፈልገው የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን መቀየር ብቻ ነው፤ ኢታኖል የድሮ ጎማን ያላላል፣ ታንክ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻም አጥቦ ፊልትሮ ላይ ይከምረዋል።

በንጹሕ ኢታኖል መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ጉልበቱ ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ በሊትር አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጣል፤ የካርቡሬተሩ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ፣ ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል። ብራዚል ይህን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በመንግሥት ፕሮግራም ጀምራ መኪናውንም ማደያውንም አብራ ነው የሠራችው። አረቄ ብጨምርስ ያለኝ ወጣትም አለ፤ አረቄ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ካርቡሬተር ያበላሻል እንጂ አያስኬድም።

ነጭ ጋዝ ቀላቅዬ ብነዳስ?

አይሆንም። የነጭ ጋዝ ኦክቴን በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። ያልተቃጠለው በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ዘይት መለኪያውን አውጥተው ሲያሸቱት ነጭ ጋዝ ከሸተተዎት ሳይነዱ ዘይቱን ይቀይሩ።

የኔ ናፍጣ ነው፤ በተጠበሰበት የምግብ ዘይት አይሄድም?

ይሄዳል፣ ግን ብዙ አይቆይም። የምግብ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ኢንጀክተሩ አይረጨውም፣ ያንጠባጥበዋል፤ ጫፉ ላይ ከሰል ይሠራል፣ ፋሻው ይጣበቃል። በሜታኖልና በኬሚካል ታጥቦ ባዮዲዝል ሲሆን ነው ወደ ናፍጣ የሚቀርበው። ያን ማምረት ደግሞ ለአንድ መኪና ተብሎ የሚደከምበት ሥራ አይደለም።

በውሃ ይሠራል የሚባለው ዕቃስ?

ከባትሪው ኤሌክትሪክ ወስዶ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚከፍል ጠርሙስ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ዲናሞ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ቤንዚን ነው። ውሃውን ለመክፈል የሚወጣው ጉልበት ሃይድሮጅኑ ሲቃጠል ከሚመልሰው ሁልጊዜ ይበልጣል። ብርዎን ያስቀምጡ።

የድሮ መኪናዬን ኤሌክትሪክ ባስደርገውስ?

ከሁሉም ልቤ የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው። የአዳማ ሰው ቀና ቢል የነፋስ ተርባይኖቹን ያያል፤ አንደኛውና ሁለተኛው ፕሮጀክት ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ቆቃ ከ1952 ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን ያመነጫል፣ የህዳሴ ግድብም በ2017 መጨረሻ ተመርቋል። ነዳጁ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው።

የመንዳት ወጪውም ያስደንቃል። የተቀየረች ትንሽ መኪና የቻርጅ ብክነቱ ተጨምሮ ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትወስዳለች። ታሪፉን ከፍ አድርገን 10 ብር እንበለው፤ 200 ብር ነው። በቤንዚን 1,300 ብር ነበር። በዓመት 7,500 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ቁጠባው 82,500 ብር ይሆናል።

አሁን ወደ መቀየሪያው ወጪ እንምጣ። ሞተር፣ መቆጣጠሪያ፣ ቻርጀር፣ ለመብራትና ለጥሩምባ 12 ቮልት የሚያወጣ መለወጫ፣ ለፍሬን ሰርቮው የኤሌክትሪክ ቫኩም ፖምፓ፣ ከሁሉም በላይ ባትሪ። እ.ኤ.አ. በ2024 የሊቲየም ባትሪ አማካይ ዋጋ በዓለም ገበያ፣ በጅምላ ለፋብሪካ፣ በኪሎ ዋት ሰዓት 115 ዶላር ገደማ ነበር። 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 2,760 ዶላር ነው፤ አንድ ግለሰብ ደግሞ በዚያ ዋጋ አያገኘውም፣ ማጓጓዣና ቀረጥም አለ። ይህ ሁሉ ወጥቶ የሚገኘው አንዴ ተሞልቶ 100 እና 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ነው። አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ደርሶ ለመመለስ ግን እዚያ መሰካት አለበት። ቤት በተለመደው ሶኬት ሲሰካ ባዶው ባትሪ እስኪሞላ 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራት የሄደበት ሌሊት ጠዋት መኪናው አይሞላም።

ሰው የማያስባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ኒሳን ሊፍ ከሚባለው አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባለ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 290 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ከወረደው ሞተር በብዙ ይከብዳል፤ ፍሬኑና ሞላው ለዚያ አልተሠሩም። ሁለተኛ፣ ያ ባትሪ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የለውም፤ እንደ አዳማ ባለ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ያረጃል። ሦስተኛውና የሚያስፈራኝ፣ ውስጡ ያለው ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። በ12 ቮልት ያደግን መካኒኮች ሽቦ በጣታችን መንካት ልማዳችን ሆኗል፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ስሕተት የመጨረሻው ነው። ሥልጠና የሌለው ሰው እንዲነካብዎ አይፍቀዱ፣ እኔንም ጨምሮ፤ ሥልጠናውን እስክጨርስ ድረስ ይህን ሥራ አልቀበልም።

ሊብሬ፣ ቦሎና ኢንሹራንስ ላይ ችግር ይፈጥራል?

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት ይጻፋል። ሞተሩን ካወጡ ወይም ነዳጁን ከለወጡ ወረቀቱና መኪናው ይለያያሉ፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ ቦሎ ከመውሰድዎ በፊት መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ቡሎን ሳይፈታ በፊት ሊብሬውን ይዘው መኪናው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይሂዱ፣ ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይቀበሉ። ለመድን ድርጅትዎም በደብዳቤ ያሳውቁና ማኅተም ያለበት መልስ ያስቀምጡ። ሳይነገረው የተለወጠ መኪና ቢቃጠል ክርክሩ ከእርስዎ ጋር ነው።

ወስኛለሁ፤ ሠሪውን ምን ልጠይቀው?

ታንኩ ላይ የተመታውን የምርት ዓመት ያሳይዎ። የጋዝ ታንክ ዕድሜ አለው፤ ብዙ አገር ከ10 ዓመት በኋላ ያለ ፍተሻ እንዲሠራ አይፈቀድም፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ያገለገለ ይመጣል። ቱቦው በመኪናው ሥር፣ በውጭ በኩል እንጂ በወንበር ሥር እንደማያልፍ ያረጋግጡ። ሲጨርስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ እርስዎ ባሉበት በሳሙና ውሃ ይፈትሽልዎ፤ «አያስፈልግም» ካለ ቁልፍዎን ይቀበሉት። የመቀነሻውን የውስጥ ጎማ መለዋወጫ ከየት እንደሚያገኝም ይጠይቁት። ያ ጎማ ሲደርቅ መኪናው በጋዝ አይሄድም።

ካላስቀየርኩ በምን ልቆጥብ?

ብዙ ባለመኪና ሊሰማው የሚገባው መልስ ይህ ነው፣ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በጋዝ ሊያስቀይር የመጣ አንድ መምህር ዲኤክሱ ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ይጠጣ ነበር። ከማስቀየሩ በፊት አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። መኪናውን ጥቂት ነድቼ ወርጄ ጎማዎቹን በእጄ ዳሰስኩ፤ የኋላ ግራው ያቃጥላል፣ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል። የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ መርፌ ተበልቶ ቤንዚን ያስተርፋል። የአየር ፊልትሮው ከወንጂ መንገድ አቧራ የተነሳ እንደ ካርቶን ደርቋል። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሄዳል፤ «አዳማ ሞቃት ነው አያስፈልግም» ብለውት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይበላል። ጎሚስታ ዘንድ ንፋስ አስሞላ፣ ካንዴላ ቀየርን፣ የማቀጣጠያ ሰዓቱን አስተካከልን።

በወሩ ከደብተሩ ጋር መጣ፤ 9.8 ሊትር። ልዩነቱ 3.2 ሊትር ነው። በዓመት 7,500 ኪሎ ሜትር 240 ሊትር፣ በ130 ብር 31,200 ብር። ከላይ በ150,000 ብር ዕቃ ይገኛል ብለን ካሰብነው 29,250 ይበልጣል።

ሸጬው ኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ?

መኪናውን ኤሌክትሪክ ለማስደረግ የሚያወጡት ብር ካለዎት፣ ይህ የተሻለ መንገድ ነው። ፋብሪካ የሠራው ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪውም ፍሬኑም ለእርስ በርስ የተሠራ ነው፣ ሊብሬውም ከመጀመሪያው ትክክል ነው። በጥር 2016 መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ማስታወቁ ግን የአሮጌውን ዋጋ ደግፎታል፤ ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል። ደህና የተያዘ ዲኤክስ ወይም ቪትዝ ሲሸጥ ጥሩ መነሻ ብር ያመጣል። ለመሸጥ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቤትዎ ማታ የሚሰኩበት የራስዎ ቆጣሪ መኖሩን ይዩ። ተከራይተው በጋራ ቆጣሪ የሚኖሩ ከሆነ ከአከራይዎ ጋር መነጋገር ከመኪናው ግዢ ይቀድማል።

የተቀየረ መኪና ስሸጥ ዋጋው ይጨምራል?

እስካሁን በእኔ ደጅ ካለፉት አንድም ሲጨምር አላየሁም። ገዢ ኮፈኑን ከፍቶ ታንክ ሲያይ «ይህን አውጡልኝ» ነው የሚለው፤ ማውጣቱም ተበስቶ የነበረውን ላሜራ ማስደፈኑም በሻጩ ወጪ ነው። ስለዚህ የሚያስቀይሩ ከሆነ ከመኪናው የሚወርደውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ እስከ ቡሎኑ ድረስ፣ በካርቶን አድርገው ስሙን ጽፈው ቤት ያስቀምጡ።